በክር የበረረችው ሮኬት

ሙጫ የሚሏት ልጅ ሮኬቷን በግራ እጇ ጠቋሚ ጣት ላይ አጋደመቻት። ጣቷን ያሳረፈችው ሐሙስ ዕለት በእስክሪብቶ ዙሪያውን ባሰመረችው ቀይ መስመር ላይ ነው። የሮኬቷ የሚዛን ቦታ እዚያ ነበር። ሐሙስ ጣቷ ላይ ስታስቀምጣት ወደ አፍንጫዋም ወደ ጅራቷም ሳታጋድል ተረጋግታ ነበር። ዛሬ ግን ጅራቷ ወዲያው ወደ ታች ዘመመ።

«እጄ ይሆናል» አለችና እንደገና ሞከረች። እንደገና ዘመመ።

ጣቷን ቀስ እያደረገች ወደ ኋላ፣ ሞተሮቹ ወዳሉበት ገፋችው። አንድ ጣት። ሁለት ጣት። ሦስተኛው ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ሮኬቷ ተረጋጋች።

ሙጫ ክው አለች።

ቅዳሜ ረፋድ ነው። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ የሳይንስ ክበቡ ልጆች ሮኬቶቻቸውን በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ደርድረዋል። ሮኬቶቹ አሥራ ሁለት ናቸው። የሙጫና የጓደኛዋ ዘጠነኛ ተራ ላይ ትገኛለች። አራተኛው ሮኬት ማስወንጨፊያው ዘንግ ላይ ወጥቶ የፊዚክስ አስተማሪው ፊሽካቸውን እያዘጋጁ ነበር።

«ሙጫ» የወጣላት ለሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ጣቶቿ ላይ ሁልጊዜ የደረቀ ሙጫ አይጠፋም፤ ፈተና ላይ እንኳ ወረቀቱ እየተጣበቀባት ትገባለች። ሁለተኛው፣ የያዘችውን ነገር አትለቅም። ጓደኛዋን ደግሞ «ራዲዮ» ይሏታል፤ ለምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። አሁን እንኳ ድምጿ ከሜዳው ማዶ ይሰማል። መለያ ገመዱ ጋ ቆማ፣ ሣር ላይ ለተደረደሩት የሁለተኛ ክፍል ሕፃናት ታብራራለች። ታናሽ ወንድሟ ክፍሉን በሙሉ አስከትሎ ነው የመጣው። ሃያ ሦስት ልጆች።

«የሌሎቹ አንድ አንድ ሞተር ነው ያላቸው» ትላለች ራዲዮ። «የእኛዋ ሦስት! አንድ ላይ! ሦስቱም እኩል ተቀጣጥለው ስትነሳ አንገታችሁ እስኪቆለመም ነው የምታዩዋት!»

ሕፃናቱ አንገታቸውን ከአሁኑ ቆለመሙ።

ሮኬቷ የተገዛች አይደለችም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የእጃቸው ሥራ ናት። አካሏ የመጋረጃ ጨርቅ ተጠቅልሎበት የነበረ የካርቶን ቱቦ ነው፤ ከሙጫ አክስት ሱቅ የመጣ። አፍንጫዋ ተፍቆ ውስጡ የተቦረቦረ ቀላል እንጨት ነው። ሦስቱን ክንፎች ከስስ ኮምፔንሳቶ ቆርጣ ያወጣቻቸው ራዲዮ ናት፤ አራት ምላጭ ሰብራ፣ አውራ ጣቷንም አንዴ ቆርጣ።

ጭንቁ ያለው ጅራቷ ላይ ነው። ሮኬት አየር ላይ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ክብደቱ ወደ አፍንጫው ማድላት አለበት፤ ያኔ አፍንጫው ይመራል፣ ክንፎቹ ይከተላሉ። ክብደቱ ወደ ጅራቱ ካደላ ግን እየተገላበጠ ወዳሻው ይሄዳል፤ ሰው ወዳለበትም ቢሆን። ሦስት ሞተር ደግሞ ሦስቱም ጅራት ላይ ነው የሚታሰረው።

ስለዚህ ክበቡ አንድ የጸና ልማድ አለው። ማንኛውም ሮኬት ሳይተኮስ በፊት ይወዛወዛል። የሚዛን ቦታው ላይ ረጅም ክር ይታሰርለትና አንዱ ሰው መሃል ቆሞ በራሱ ዙሪያ ያሽከረክረዋል። አፍንጫው እየመራ ከዞረ ደህና ነው። ጅራቱ ከቀደመ አይተኮስም። ከዚያ ሮኬቱ ላይ በምትንጠለጠለው ትንሽ ካርድ ላይ እንዴት እንደተወዛወዘ ይጻፍና ያወዛወዘው ሰው ይፈርማል። የማስነሻውን ቁልፍ የሚጫነውም የፈረመው ሰው ነው፤ ሌላ ማንም አይነካውም።

ሐሙስ ዕለት ሙጫ አወዛውዛታለች። አፍንጫዋ እየመራ፣ እንደ ወፍ ነበር የዞረችው። ግን የዚያን ቀን የሞተሮቹ ቁም ሣጥን ተቆልፎ ነበርና ያስገቡባት ካለፈው ዓመት የቀሩትን የተቃጠሉ ሞተሮች ነው። ባሩዳቸው አልቆ እንደ ባዶ ክብሪት ሣጥን የቀለሉትን። «ነገ በእውነተኛዎቹ እንደግመዋለን» ተባብለው፣ ሙጫ ወደ ቤት ስትቸኩል ካርዱ ላይ ፈርማ ብቻ ሄደች። የሚጻፍበት ቦታ ገና ባዶ ነበር። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ሙጫ ፓራሹቱን ልታመጣ አክስቷ ጋ ሄዳ ስትመለስ ራዲዮ እውነተኛዎቹን ሞተሮች አስገብታ «ጨርሻለሁ!» አለቻት፤ እሷም አመነች።

አሁን ካርዱን ገልብጣ አየችው። በራዲዮ ድቡልቡል ጽሕፈት «በሦስት ሙሉ ሞተር ተወዛውዛለች» ይላል። ከሥሩ የራሷ የሙጫ ፊርማ።

«ራዲዮ! እስቲ ነይ» ብላ ተጣራች።

ራዲዮ እየሮጠች መጣች። «ምንድነው? ልጆቹ እኮ አበዱ! አንዱ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ጨረቃ ላይ ስትደርስ ትደውላለች ወይ አለኝ!»

«ዓርብ አወዛውዘሻታል?»

የራዲዮ ፈገግታ ፊቷ ላይ ደረቀ። «ጨርሻለሁ ነው ያልኩሽ። ካርዱን።»

«ዝናብ ላይ የት አወዛውዘሻት ነው ብዬ አለመጠየቄ! ቲቸር ሲጠይቁሽስ ምን አልሻቸው?»

«‹ሙሉ ክብደቷን ይዛ ነው?› አሉኝ።» ራዲዮ የጫማዋን ጫፍ አየች። «አዎ አልኳቸው። ሙጪዬ ሙች፣ ያው ሞተር ነው እኮ! ሐሙስ አላየሻትም እንዴ? ጸዴ ነበር የዞረችው!»

ሙጫ ሮኬቷን ቀዩ መስመር ላይ በጣቷ ደግፋ አሳየቻት። ጅራቷ ወረደ። ከዚያ ጣቷን ወደ አዲሱ ቦታ ወሰደችው። ሦስት ጣት የሚያክል ርቀት መሆኑን ራዲዮ በዓይኗ ለካች፤ መልሳ ለካች።

«በቃ ተበላን» አለች ቀስ ብላ።

አራተኛው ሮኬት ሽው ብሎ ወጣ። ሕፃናቱ ጮኹ። ሁለቱ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።

«ለቲቸር እንንገራቸው» አለች ሙጫ።

«አብደሻል? ካርዱ ውሸት ከሆነ እስከ መንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ እንታገዳለን! ደንቡን እያወቅሽው!» ራዲዮ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ እሷ ድምጿን ዝቅ ስታደርግ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው። «እዚህ ክበብ ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ አይደል? ‹ራዲዮ ታወራለች እንጂ አትሠራም።› ሦስት ዓመት! ይኸው ሠራሁ። በዚህ ጣት ነው የቆረጥኩት።» ፕላስተር የተለጠፈበትን አውራ ጣቷን አቀረበችላት። «ዛሬ ካልወጣች የሚሉት እውነት ይሆናል።»

ሙጫ ፕላስተሩን አየች። ያን ጣት ያሰረችው እሷ ናት።

«እሺ ስሚኝ» አለች ራዲዮ። «አክስትሽ መጋረጃ ጫፍ ውስጥ የምትሰፋቸው የብረት ፍሬዎች አሉ አይደል? አፍንጫዋ ውስጥ እንጨምር። ፊቷ ይከብዳል፣ ሚዛኗ ወደ ፊት ይመለሳል፣ አለቀ! ማን ያያል? ዘጠነኛ ነን፤ ትደርሻለሽ። ሩጪ!»

ሙጫ ሮጠች።

የአክስቷ ሱቅ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። አክስቷ ስፌት መኪናው ላይ አጎንብሰው፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው፣ አራት ስፒል በከንፈራቸው ነክሰው ይሰፋሉ። ስፒል ነክሰው የሚናገሩት የሚገባው ሰው ከቤተሰቡም ጥቂት ነው።

«እእ… ሙጪዬ! ዛሬ አይደል እንዴ የምትተኩሱት? ይህችን ጨርሼ ልመጣ ነበር።»

«አክስቴ፣ እነዚያን የብረት ፍሬዎች ስጪኝ፣ ቶሎ!»

«ስንት?»

«እኔ እንጃ… ስድስት?»

«‹እኔ እንጃ› እና ‹ስድስት› ምን አገናኛቸው?» አክስቷ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈራቸው አውጥተው መርፌ መሰኪያው ላይ ሰኩ። ጣሳውን ከመደርደሪያ ላይ አውርደው ሲከፍቱት የሽምብራ መጠን ያላቸው ፍሬዎች ተንኮሻኮሹ። «ለምንድነው?»

«የሮኬቷ ፊት እንዲከብድ። ጅራቷ ከብዶ ነው።»

«አሃ። እንደ መጋረጃው በያት።» እፍኝ አውጥተው መዳፋቸው ላይ ቆጠሩ። ስምንት ሆኑ። «ካነሰ በነፋስ ይውለበለባል። ከበዛ ደግሞ ጨርቁን ወደ ታች ይጎትተዋል።»

«አንቺ ስንት እንደምታስገቢ በምን ታውቂያለሽ?»

«በግምት ነዋ! ሃያ ዓመት የሠራ ዓይን አለኝ እኮ።» ሳቁ። «ግን የኔ ልጅ፣ ሰቅዬው፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ ነፋስ ሲገባበት ሳላይ ከሰው ቤት ወጥቼ አላውቅም። ሻይ ያቀርቡልኛል፣ ወሬ ያወሩልኛል፤ ዓይኔ ግን እሱ ላይ ነው። አንድ ጊዜ አንዲት ሴትዮ ልጇን ልሰርቅ የመጣሁ መስሏት ነበር፣ መስኮት መስኮቱን ሳይ።»

ሙጫም ሳቀች፤ ሳቋ ግን በሩ ጋ ስትደርስ ጠፋ። ፍሬዎቹን ጨብጣ መንገዱ ዳር ቆመች። አንድ ጭነት መኪና አለፈ፤ መንገዱ ባዶ ሆነ፤ እሷ አልተሻገረችም።

ስንት ፍሬ? ሦስት ካስገቡና ካነሰ ሮኬቷ ከዘንጉ እንደወጣች ትገለበጣለች። ስምንቱንም ካስገቡና ከበዛ ዘንጉን ስትለቅ ጉልበት አጥታ ታጋድላለች። የሚታወቀው በማወዛወዝ ብቻ ነው። ለማወዛወዝ ደግሞ ሰፊ ቦታ ያስፈልጋል፤ ሰፊው ቦታ ሜዳው ብቻ ነው፤ ሜዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ያያል። ካርዷ «ተወዛውዛለች» የምትል ሮኬት ለምን እንደገና እንደምትወዛወዝ ሁሉም ይጠይቃል።

እንግዲህ ሁለት መንገድ ነው ያለው። ተደብቆ መገመት፣ ወይም ሰው ፊት መለካት።

ወደ ሜዳው ስትመለስ ሰባተኛው ዘንጉ ላይ ነበር። ፊሽካ ተነፋ፤ ሮኬቱ ነጭ የጢስ ክር ትቶ ወጣ፤ ፓራሹቱ ተከፈተ። የራዲዮ ወንድም ከገመዱ ማዶ ዘልሎ ተነሳ። ከዘንጉ እሱ እስከቆመበት ሙጫ በዓይኗ ለካችው። ሠላሳ እርምጃ። ቀጥ ብሎ ለሚወጣ ሮኬት ሠላሳ እርምጃ ብዙ ነው። ለሚገለበጥ ምንም አይደለም።

«አመጣሽ?» ራዲዮ እጇን ዘረጋች። «ስንት ነው? በይ ቶሎ፣ ስምንተኛው እየተዘጋጀ ነው!»

«ስንት እንደምናስገባ አላውቅም።»

«ሁሉንም አስገቢያ!»

«ሳናወዛውዛት አላስገባም።»

«እዚህ? ሰው ሁሉ ፊት?» የራዲዮ ዓይን ፈጠጠ። «ወዲያው ይነቁብናል እኮ!»

«አዎ።»

ራዲዮ የዘረጋችውን እጇን ሰበሰበች። «ልትነግሪብኝ ነው» አለች።

«አንቺን አይደለም። ፊርማው የኔ ነው። ባዶ ካርድ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

ሙጫ ቀዩን እስክሪብቶ ከኪሷ አወጣች። ካርዱን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ፣ የተጻፈውን በአንድ ሰረዝ ሰርዛ፣ ከሥሩ «የተወዛወዘችው በባዶ ሞተር ነው» ብላ ጻፈች። ከዚያ ሜዳውን ተሻገረች። ያቺ መንገድ እስከዛሬ እንደዚያ ረዝማባት አታውቅም።

አስተማሪው ካርዱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ትናንት የተነገረኝ ሌላ ነበር» አሉና በትከሻዋ አሻግረው ራዲዮን አዩ።

«ፊርማው የኔ ነው፣ ቲቸር።»

አስተማሪው ፊሽካቸውን በጣታቸው አሽከረከሩት። «ደንቡን ታውቂዋለሽ።»

«አውቃለሁ።»

መዝገባቸውን ከፍተው ዘጠነኛው ረድፍ ላይ መስመር ሳቡ። ለሮኬቷ የተዘጋጁትን ሦስት ማቀጣጠያ ሽቦዎች አንሥተው የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ።

«ሞተሮቹንስ ላውጣቸው?» አለች ሙጫ።

አስተማሪው ትንሽ አሰቡ። «ያለ ማቀጣጠያው የትም አይሄዱም። ሁሉም ሲያልቅ ትመልሺልኛለሽ።» ወደ ስምንተኛው ሮኬት ዞረው ሁለት እርምጃ ከሄዱ በኋላ፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ «ክር ከፈለግሽ ጠረጴዛው ሥር ነው» አሉ።

ስምንተኛው ወጣ። ከዚያ «አሥረኛ!» ሲባል የራዲዮ ወንድም በቀጭን ድምፁ «ባለ ሦስቷስ?» ብሎ ጮኸ። ከወረፋው መሃል አንዱ ልጅ «የራዲዮ ሥርጭት ተቋረጠ!» አለ። ብዙዎች ሳቁ። ራዲዮ ፊቷን አዙራ ወደ ውኃ ቧንቧው ሄደች።

አሥራ ሁለተኛው ፓራሹት መሬት ሲነካ ሰዎች መበታተን ጀመሩ። ሙጫ ክሩን አመጣች። አዲሱ የሚዛን ቦታ ላይ አሰረችውና እንዳይንሸራተት በፕላስተር ለጠፈችው። ምንም ፍሬ አልጨመረችም፤ መጀመሪያ እንዳለች ልታያት ፈለገች። ሜዳው መሃል ቆማ፣ ሰው አለመቅረቡን ዞር ዞር ብላ አይታ፣ ማሽከርከር ጀመረች።

ሮኬቷ አንድ ዙር እንኳ ሳትሞላ ተገለበጠች። ጅራቷ ቀደመ፤ ከዚያ ጎኗ፤ ከዚያ እንደገና ጅራቷ። ክሩ የሙጫን መዳፍ ሸረከተው። «ሥርጭት ተቋረጠ» ያለው ልጅ «ኧረ…» አለና ሣሩ ላይ ወዳሉት ሕፃናት ዞር ብሎ አየ። ከዚያ በኋላ አልሳቀም።

ሙጫ ሮኬቷን አውርዳ ቀና ስትል ራዲዮ አጠገቧ ቆማለች። ፊቷን ታጥባ፣ ከአገጯ ውኃ ይንጠባጠባል። እሷም አይታለች።

«ስንት አመጣሽ?» አለች።

«ስምንት።»

ራዲዮ መዳፏን ዘረጋች። «አንድ በአንድ እናስገባ።»

አፍንጫውን ነቀሉት። አንድ ፍሬ ከጥጥ ጋር ጠቀጠቁ፣ ሚዛኗን በጣት ፈለጉ፣ ክሩን ወደ ፊት አሸጋግረው አሰሩ፣ ሙጫ አሽከረከረች። ተገለበጠች። ሁለት ሲሆን ያው ነች። በሦስተኛው እንደ ሰከረ ሰው ወዲያና ወዲህ ተንገዳገደች። በአራተኛው ወደ ጎን ሄዳ አፍንጫዋን አንዴ አስቀደመችና መልሳ ጣለችው። ሕፃናቱ ወደ ቤት መሄዱን ትተው ገመዱ ጋ ተደርድረው ነበር። አምስተኛው ሲገባ የራዲዮ ወንድም ማንም ሳያዘው «ሦስት! ሁለት! አንድ!» ብሎ ጀመረ፤ ሃያ ሁለቱ ተቀበሉት።

ሙጫ ክሩን ለቀቅ አደረገችው፣ ሳበችው፣ ዞረች። ሮኬቷ አፍንጫዋን ወደ ፊት ቀሰረች። አንድ ዙር። ሁለት። ሦስት። ነፋሱ ክንፎቹ ላይ ሲያልፍ ቀጭን ፉጨት ተሰማ፤ የራዲዮ ክንፎች።

«ወጣች!» አለ አንድ ሕፃን። ከሰው ቁመት በላይ አልወጣችም፤ ማንም ግን አላረመውም።

ራዲዮ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ይህ በራሱ ለታሪክ የሚመዘገብ ነው።

ሕፃናቱ ሲሄዱ አስተማሪው መጡ። ሦስቱን ሞተሮች ተቀበሉ፣ ቆጠሩ። ከመዝገባቸው ውስጥ አንድ አዲስ ካርድ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ነፋስ እንዳይወስዳት ጠጠር ጫኑባት። «ለሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት» ብለው ሄዱ።

ራዲዮ ካርዷን አነሳቻት። ባዶ ናት። «በአምስት ፍሬ፣ በሦስት ሙሉ ሞተር ብዬ ልጻፍ?» አለች። ከዚያ ወዲያው «አይ፣ አንቺ ጻፊው» አለችና አቀበለቻት።

ሙጫ ካርዷን አየቻት፤ ከሥር ያለውን የፊርማ ቦታ አየችው። ቀዩን እስክሪብቶ ከፍታ የሮኬቷን አካል በግራ እጇ ያዘች፤ አሮጌው መስመር ላይ ሁለት ጭረት አድርጋ ሰረዘችው፤ በአዲሱ ቦታ ሌላ መስመር ዙሪያውን ሳበች። እስክሪብቶውን ከደነች።

«የሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት ሲደርስ ሞተሮቹ አዲስ ናቸው» አለች። «ያኔ ሁለታችንም አወዛውዘናት እንፈርማለን።»

«እኔ አወዛውዤ አላውቅማ።»

ሙጫ ባዶዋን ካርድ አጥፋ ኪሷ ከተተቻት። ከጠረጴዛው ሥር ካለው ሣጥን ሦስቱን የተቃጠሉ ሞተሮች አወጣችና በሮኬቷ ጅራት ከተተቻቸው፤ ለመልመጃ ያህል ይበቃሉ። ሚዛኗን በጣቷ ፈልጋ ክሩን አሰረች። ከዚያ የክሩን ሌላ ጫፍ ፕላስተር ወዳለበት የራዲዮ እጅ ዘረጋችው።

«ሰው እንዳይኖር መጀመሪያ ዙሪያሽን እዪ» አለቻት፤ ራሷም ወደ ኋላ ሄዳ፣ ገመዱ ጋ ቆመች።